ያው ክንድ፣ ሌላ ኳርተርባክ፦ የአንድ ተጫዋች የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ይጻፋል

በአሜሪካ ፉትቦል ዙሪያ አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረው የቡድኑ መሪ፣ ራሱ ጎበዝ ነው ወይስ ስኪሙ ነው ጎበዝ ያስመሰለው? ስኪም ማለት ኦፌንሱ (የሚያጠቃው ወገን) የሚጫወትበት ንድፍ ነው። ማን የት ይቆማል፣ ማን መቼ ይሮጣል፣ ኳርተርባኩ መጀመሪያ ወደ ማን ያያል፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ በግምት የሚካሄድ ነው። አንድን ሰው በሁለት ንድፍ ውስጥ አስገብቶ ጎን ለጎን ማየት አይቻልማ። አንዳንዴ ግን ሊጉ (ኤን ኤፍ ኤል) ራሱ ፈተናውን አዘጋጅቶ ያቀርብልናል። እዚህ የምጽፈው ጉዳይ እንዲህ ያለው ነው። አንድ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2016 በሎስ አንጀለስ ራምስ ማሊያ ከሊጉ ደካሞች አንዱ ሆኖ ታየ። በ2017 በዚያው ማሊያ ከጥሩዎቹ ተርታ ገባ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወረደ፣ ወደ ሌላ ቡድን ተላከ፣ ዲትሮይት ላይ እንደገና ተነሣ። ክንዱ ሁልጊዜ ያው ነበር።

የሰዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ። ጨዋታውን የሚከታተል ሰው እስካሁን ማን እንደሆነ ገብቶታል። ለማይከታተለው ደግሞ ስሙ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ጨዋታውን ለማያውቅ

በአጭሩ እንሂድ። ሴንተር የሚባለው ተጫዋች ኳሱን በእግሮቹ መሀል ወደ ኋላ ለኳርተርባኩ ሲሰጥ ጨዋታው ይጀምራል። ያ ቅጽበት ስናፕ ይባላል። ሴንተሩን ጨምሮ ከኳርተርባኩ ፊት አምስት ግዙፍ ሰዎች አሉ፤ ሲወረውር ሥራቸው እሱን ከተጋጣሚ ማስጣል ነው። ኳርተርባኩ ከስናፕ በኋላ ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ተኩል ቢሆን ነው። በዚያች ጊዜ ዲፌንሱን (የሚከላከለውን ወገን) አንብቦ፣ ክፍት ሰው አግኝቶ፣ መወርወር አለበት። ከዘገየ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው ደረቱ ላይ ያርፋል። ኳሱን እንደያዘ ከወደቀ ሳክ ነው። የወረወረውን ተጋጣሚ ከያዘበት ኢንተርሴፕሽን ነው። ኳሱ እስከ ተጋጣሚው የሜዳ መጨረሻ ከደረሰ ታችዳውን ነው።

እንግዲህ የጥሩ ስኪም ሥራ በእኔ አረዳድ አንድ ነገር ነው። ኳርተርባኩ በዚያች ሁለት ሰከንድ ተኩል ውስጥ የሚመልሰውን ጥያቄ ማቅለል። ከስናፕ በፊት የተመለሰ ጥያቄ ከስናፕ በኋላ አያስጨንቅም። የዚህ ጉዳይ ውል እዚች ላይ ነው ያለው።

መነሻው

ተጫዋቹ ያደገውም የተማረውም ካሊፎርኒያ ነው። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው ኤር ሬይድ በሚባለው የአጨዋወት ቤተሰብ ውስጥ ነበር። በዚህ አጨዋወት ኳርተርባኩ ከሴንተሩ አምስት ያርድ ገደማ ርቆ ይቆማል (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)። ይህ አቋቋም ሾትገን ይባላል። ተቀባዮቹ ሜዳውን ሙሉ ተዘርግተው ይቆማሉ። ምልክት ከሜዳ ዳር ይመጣል፣ ኳሱም ቶሎ ይወረወራል። ተጫዋቾቹ ተሰብስበው ረጅም የጨዋታ ስም መስማት የለባቸውም።

በ2016 ራምስ ከሴንት ሉዊስ ወደ ሎስ አንጀለስ ገና መመለሱ ነው። አዲስ ከተማ፣ አዲስ ተመልካች፣ አዲስ ፊት ያስፈልጋል። ቡድኑ በድራፍቱ፣ ማለትም ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት፣ 15ኛ ተራ ነበረው። ከቴነሲ ታይታንስ ጋር ተደራድሮ 1ኛውን ወሰደ። ለዚህም የዚያን ዓመት አንደኛ ዙር ምርጫውን፣ ሁለት ሁለተኛ ዙሮችንና አንድ ሦስተኛ ዙር ሰጠ። የ2017ን አንደኛና ሦስተኛ ዙርም ጨመረ። በምላሹ ከ1ኛው ተራ ጋር ሁለት አነስተኛ ምርጫዎች ብቻ መጡለት። ዋጋው ከባድ ነበር። እንዲህ ተከፍሎበት የመጣ ልጅ ደግሞ መታገሥን የሚፈቅድለት የለም።

ችግሩ

በመስከረም 2016 የመጀመሪያ ጨዋታቸው ራምስ በሳን ፍራንሲስኮ 28 ለ 0 ተሸነፈ። የድራፍቱ ቁጥር አንድ ተጫዋች ለዚያ ቀን ተሰላፊዎች ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልነበረም። የቡድኑ ሦስተኛ ኳርተርባክ ሆኖ ማሊያ ሳይለብስ ዋለ። ዘጠኝ ጨዋታ ሳይጫወት አለፈ። የመጀመሪያ ጨዋታውን የጀመረው በኅዳር ከማያሚ ጋር ነው፤ 14 ለ 10 ተሸነፈ።

ከዚያም ሌሎች ስድስት ጨዋታዎችን ጀመረ። ሰባቱንም ተሸነፈ። 5 ታችዳውን፣ 7 ኢንተርሴፕሽን፣ 1,089 ያርድ። ከወረወረው ለሰው የደረሰው 54.6 በመቶ ነው። 26 ጊዜ ሳክ ሆነ። ሊወረውር በተዘጋጀ በየዘጠኙ ጊዜ አንዴ መሬት ላይ ነበር ማለት ነው።

ቡድኑ በዓመቱ 224 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከ32ቱ ቡድኖች የመጨረሻው ነው። ዋና አሰልጣኙ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ በአትላንታ 42 ለ 14 በተሸነፉ ማግሥት ተሰናበተ።

ምን ነበር የተበላሸው? ከውጭ ሲታይ ሦስት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ጥበቃው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ የ2016 የራምስ መስመር (አምስቱ ጠባቂዎች) ያ ነበር። ሁለተኛ፣ ሯጩ፣ ኳሱን ይዞ የሚሮጠው፣ የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም። ይህ ሯጭ ከዓመት በፊት ሊጉን ያስደነቀ ወጣት ነው። በ2016 ግን በአንድ ሩጫ በአማካይ 3.2 ያርድ ብቻ ነው የሄደው። ሩጫ ካልሠራ ዲፌንሱ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ውርወራን ይጠብቃል። ሦስተኛ፣ ንድፉ ለልጁ የሚሰጠው እገዛ አልነበረም። ስናፕ ይሆናል፣ ከዚያ አንተ ታውቃለህ ነው ነገሩ። ኮሌጅ ውስጥ በምልክት ሲጫወት የኖረ ልጅ ሁሉንም ጥያቄ ከስናፕ በኋላ እንዲመልስ ተጠየቀ።

በዚያ ክረምት ልጁ ፍሎፕ (የከሸፈ) ነው ተባለ። ብዙ ሰው አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብያለሁ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በጥር 2017 ራምስ የ30 ዓመት ሰው ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረ። በዘመናዊው የሊጉ ታሪክ እንደሱ ወጣት ዋና አሰልጣኝ አልነበረም። ዋሽንግተን ዲሲና ቨርጂኒያ ያለ ፉትቦል የሚወድ ሐበሻ ይህን ሰው ቀድሞ ያውቀዋል። ከ2014 እስከ 2016 የዋሽንግተን ቡድን የኦፌንስ አስተባባሪ ነበር።

መጀመሪያ የተነካው ንድፉ አልነበረም፤ ጠባቂዎቹ ነበሩ። ከሲንሲናቲ የ35 ዓመት የግራ ታክል መጣ። ይህ ቦታ የኳርተርባኩን ጀርባ የሚጠብቅ ነው፤ በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ በዚያ በኩል የሚመጣበትን አያይም። በ35 ዓመት ሰው ላይ ገንዘብ ማውጣት ለብዙዎች እብደት መስሏቸው ነበር። ከዋሽንግተንም ልምድ ያለው ሴንተር መጣ። ሴንተሩ ዲፌንሱን አይቶ ለጠባቂዎቹ ማን ማንን እንደሚይዝ ስለሚናገር፣ አንድ ትልቅ ሥራ ከልጁ ትከሻ ላይ ወረደ። ከዚያ ተቀባዮች መጡ። አንድ ከቡፋሎ በነፃ ዝውውር፣ አንድ ደግሞ ከቡፋሎ በልውውጥ፣ አንድ በድራፍቱ ሦስተኛ ዙር። ያ የሦስተኛ ዙር ልጅ በኋላ ታሪክ ሠርቷል፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ንድፉ መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ የሚጣፍጠው እዚህ ነው።

ኳርተርባኩን ወደ ሴንተሩ አስጠጉት። ኳሱን ከእጅ ወደ እጅ ይቀበላል፣ ጀርባውን ለዲፌንሱ ሰጥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ለሯጩ ይሰጣል። ወይም የሰጠ ይመስላል። የሰጠ መስሎ ማታለሉ ፕሌይ አክሽን ይባላል። የራምስ ዋና ሩጫ መስመሩ በሙሉ በአንድ አቅጣጫ ወደ ጎን የሚንቀሳቀስበት ነበር። ፕሌይ አክሽኑም ሲጀምር ልክ እንደዚያ ነው። ከመስመሩ ኋላ ያሉት ተከላካዮች ሩጫ ነው ብለው ሁለት ሦስት እርምጃ ወደፊት ይመጣሉ። በዚያች ሁለት እርምጃ ጀርባቸው ይከፈታል። ኳርተርባኩ ቀና ሲል ጥያቄው አምስት ሰው ፈልግ አይደለም። ያ ተከላካይ መጣ ወይስ አልመጣም ነው። ከመጣ ከጀርባው ወርውር። ካልመጣ አጭሩን ስጥ።

ሌላው ነገር መመሳሰል ነው። ራምስ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ተቀባይ፣ በአንድ ታይት ኤንድ (ጠባቂም ተቀባይም የሚሆን ተጫዋች) እና በአንድ ሯጭ ይሰለፍ ነበር። ተቀባዮቹ ዳር ላይ አይበተኑም፤ ወደ መሀል ተጠጋግተው ይቆማሉ። ከስናፕ በፊት አንዱ በፍጥነት ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ይሮጣል። ሩጫም ሆነ ውርወራ፣ ሁሉም ከአንድ መልክ ነው የሚወጣው። ዲፌንሱ ቆሞ ሲያይ የሚለየው ነገር የለም። የሚሮጠውን ተቀባይ ተከትሎ የሚሄድ ተከላካይ ካለ ግን ዲፌንሱ ሰው በሰው እየያዘ መሆኑን ኳርተርባኩ ከስናፕ በፊት ያውቃል። አንድ ጥያቄ ተመለሰ ማለት ነው።

ሦስተኛው ብዙ የተወራለት ነው። ከ1994 ጀምሮ ሊጉ አሰልጣኝ በኳርተርባኩ ሄልሜት ውስጥ ባለ ሬዲዮ እንዲያናግረው ይፈቅዳል። ሬዲዮው ግን የጨዋታ ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ይዘጋል። ብዙ ቡድን ያን ጊዜ ገና ተሰብስቦ ነው የሚሆነው። ራምስ ግን ቶሎ መስመሩ ላይ ይቆም ነበር። ዲፌንሱም ለመሰለፍ ይገደዳል። አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ የዲፌንሱን አቋም ያያል፣ ሬዲዮው ሳይዘጋ ለልጁ የሚያየውን ይነግረዋል። ኩረጃ ነው ብለው የቀለዱ ነበሩ። ኩረጃ አይደለም፤ ደንቡ እስከ 15ኛዋ ሰከንድ ይፈቅዳል። ግን ልጁ ፈተናውን ሲፈተን መምህሩ አጠገቡ ቆሞ ነበር ማለት ስህተት አይሆንም።

የሠራው

በ2017 የመጀመሪያ ጨዋታቸው ራምስ ኢንዲያናፖሊስን 46 ለ 9 አሸነፈ። በዓመቱ 478 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከ32 ቡድን አንደኛ። በሱፐር ቦውል (የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ) ዘመን በአንድ ዓመት ልዩነት ከመጨረሻ ወደ አንደኛ የወጣ ኦፌንስ ከዚያ በፊት አልነበረም።

የልጁ ቁጥርም ተገለበጠ። 28 ታችዳውን፣ 7 ኢንተርሴፕሽን፣ 3,804 ያርድ። በአንድ ውርወራ የሚያገኘው በ2016 5.3 ያርድ ነበር፤ በ2017 8 ሆነ። የሳኩ ብዛት ተመሳሳይ ይመስላል፣ 25 ነው። ግን የወረወረው ከእጥፍ በላይ ስለሆነ አሁን በየሃያው አንዴ ነው የሚወድቀው።

ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምነው የኳርተርባኩ ቁጥር አይደለም፤ የሯጩ ነው። ያው ሯጭ፣ ያው እግር፣ ከ3.2 ወደ 4.7 ያርድ በሩጫ ሄደ። የዓመቱ ምርጥ የኦፌንስ ተጫዋችም ተባለ። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከተለወጠ፣ የተለወጠው ሰዎቹ ሳይሆኑ ያሉበት ቤት ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

2018 ከዚህም በለጠ። 13 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። በኅዳር ካንሳስ ሲቲን 54 ለ 51 ባሸነፉበት ማታ ልጁ 413 ያርድና 4 ታችዳውን ወረወረ። እስከዚያ ቀን ድረስ በ11 ጨዋታ 26 ታችዳውንና 6 ኢንተርሴፕሽን ነበረው።

ያልሠራው

ከዚያ ማታ በኋላ ባሉት ሦስት ጨዋታዎች 1 ታችዳውን እና 6 ኢንተርሴፕሽን ሆነ።

መጀመሪያ ዲትሮይት አጨናነቀው፤ ራምስ ቢያሸንፍም። ከዚያ በታኅሣሥ ብርድ ሺካጎ መጣ። 15 ለ 6 ተሸነፉ፣ አራት ኢንተርሴፕሽን፣ ከ44 ውርወራ 20 ብቻ። የሺካጎ ዲፌንስ የወደ ጎን ሩጫውን ከፊት ባሉት ሰዎቹ ዘጋው። ከኋላ ያሉት ስለሩጫው መጨነቅ ስላልነበረባቸው ወደፊት አልመጡም። ወደፊት ካልመጡ ደግሞ ፕሌይ አክሽኑ የሚከፍተው ጀርባ የለም። ልጁ ቀና ሲል ሥዕሉ የተነገረው አልነበረም።

በየካቲት 2019 በአትላንታ ሱፐር ቦውል ኒው ኢንግላንድ ይህንኑ በከፋ መልኩ ደገመው። ስድስት ሰው መስመሩ ላይ አሰለፈ፤ ወደ ጎን የሚሮጥበት ቀዳዳ ጠፋ። ከኋላ ደግሞ የዲፌንሱ እውነተኛ ቅርጽ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ተደብቆ ቆየ። ሬዲዮው ተዘግቷል፤ መምህሩ ከአዳራሹ ወጥቷል። ልጁ ከ38 ውርወራ 19 አገናኘ፣ 4 ጊዜ ሳክ ሆነ፣ በመጨረሻው ሩብ ሊያስተካክሉ ሲሉ በጫና ውስጥ የወረወረው ኳስ ተያዘ። ውጤቱ 13 ለ 3። ራምስ ያገኘው ሦስት ነጥብ በሱፐር ቦውል ተሸናፊዎች ታሪክ ካሉት ትንሹ ጋር እኩል ነው። ያ ቡድን በዓመቱ በአማካይ በጨዋታ 33 ነጥብ ገደማ ሲያስቆጥር የነበረ ነው።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ልጨምር። ያ የሦስተኛ ዙር ተቀባይ በኅዳር ጉልበቱ ተጎድቶ አልነበረም፤ ሯጩም ጤነኛ አልነበረም። ሁሉም በልጁ አይላከክም።

ቢሆንም ሌሎች ቡድኖች መድኃኒቱን አይተዋል። በመስከረም 2019 ልጁ የአራት ዓመት ማራዘሚያ ፈረመ፤ 134 ሚሊዮን ዶላር፣ 110ሩ ዋስትና ያለው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት 42 ታችዳውን እና 29 ኢንተርሴፕሽን ሆነ። በ2020 መጸው ማያሚ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እየላከበት በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ኳስ አስጣለው። ያን ያህል ሰው ሲመጣ ከስናፕ በፊት ራስህ ማወቅ አለብህ። ለዓመታት በጆሮው ሲነገረው የኖረ ሰው ደግሞ ያን ጡንቻ አላሠራውም።

በጥር 2021 ልውውጡ ተወራ። ልጁ፣ ሁለት አንደኛ ዙርና አንድ ሦስተኛ ዙር ወደ ዲትሮይት፤ የዲትሮይት አንጋፋ ኳርተርባክ ወደ ሎስ አንጀለስ። ሰው ምርጫዎቹን የቆጠረው ልጁን ለመውሰድ የተከፈለ ካሳ አድርጎ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት እሱን ለማግኘት ሁለት አንደኛ ዙር የሰጠ ቡድን አሁን እሱን ለመሸኘት ሁለት አንደኛ ዙር ጨመረ።

ሌላው የሚዛኑ ወገን

ጉዳዩ ንጹሕ ፈተና የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። አሰልጣኙ ያው ሆኖ ኳርተርባኩ ተቀየረ። አንጋፋው በ2021 41 ታችዳውን ወረወረ፤ በየካቲት 2022 ራምስ ሲንሲናቲን 23 ለ 20 አሸንፎ ሱፐር ቦውሉን ወሰደ። የሦስተኛ ዙሩ ተቀባይ በዚያ ዓመት 145 ኳስ፣ 1,947 ያርድና 16 ታችዳውን አገኘ፤ በሦስቱም ከሊጉ አንደኛ።

እንግዲያው ችግሩ ልጁ ነበር? ቶሎ አንፍረድ። አሰልጣኙ ለአዲሱ ሰው ያን የድሮ ንድፍ አልሰጠውም። ሾትገኑ በዛ፣ ፕሌይ አክሽኑ ቀነሰ፣ ከስናፕ በኋላ የማንበቡ ሥራ ለኳርተርባኩ ተተወ። አንጋፋው ይህን ስለሚወድ ነው። አሰልጣኙ በ2017ም በ2021ም ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ ንድፉን በሰውየው ልክ ሰፋ። በ2019 እና በ2020 ነው ያ ያልሆነው።

ዲትሮይት

የመጀመሪያው ዓመት ጨለማ ነበር። እስከ ታኅሣሥ ድረስ አንድም ድል የለም፤ 10 ሽንፈት፣ አንድ አቻ። በዓመቱ መሀል ዋና አሰልጣኙ ጨዋታ የመጥራቱን ሥራ ከአስተባባሪው ወስዶ ራሱ ያዘው። የታይት ኤንድ አሰልጣኝ የነበረ ወጣት ደግሞ በውርወራው ንድፍ ላይ ትልቅ ድርሻ ተሰጠው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ሚኒሶታን በመጨረሻዋ ቅጽበት 29 ለ 27 አሸነፉ። ሰዓቱ ሲያልቅ ታችዳውን የያዘው አዲስ ገቢ ተቀባይ ነበር።

ያ ወጣት በ2022 የኦፌንስ አስተባባሪ ሆነ። የሠራው ሥራ ከውጭ ሲታይ የ2017ን ይመስላል። ጥሩ መስመር፣ እውነተኛ ሩጫ፣ ፕሌይ አክሽን፣ ከስናፕ በፊት እንቅስቃሴ። ልዩነቱ ሁለት ነው።

አንደኛው፣ ተጠየቀ። ኳርተርባኩ የሚወዳቸውና የማይወዳቸው ጨዋታዎች ንድፉ ሲሠራ ግምት ውስጥ ገቡ። ይህ ሰው ሯጭ አይደለም፤ ሲያሳድዱት ተአምር አይሠራም። እግሩ ተረጋግቶ ግን በሜዳው መሀል ከ10 እስከ 20 ያርድ ባለው ቦታ በጊዜዋ የምትለቀቅ ኳስ ከሰጡት ከእሱ የሚሻል ጥቂት ነው። የዲትሮይት ንድፍ በዚያች ላይ ተተከለ። ሌላውን ነገር እንዲያደርግ የሚጠይቁት ሲያጡ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ መስመሩ ላይ ሥልጣን ተሰጠው። ጥበቃውን መቀየር፣ ከተጠሩ ሁለት ጨዋታዎች አንዱን መምረጥ፣ የእሱ ሥራ ሆነ። በሎስ አንጀለስ በጆሮው የሚመጣው መልስ እዚህ ከራሱ እንዲመጣ ተደረገ። ያን ለመልመድ ጊዜ ወሰደ። በ2022 ቡድኑ በ1 ድልና በ6 ሽንፈት ጀመረ፤ ከዚያ 8 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ። እሱም 29 ታችዳውንና 7 ኢንተርሴፕሽን ይዞ ጨረሰ። 2017ን የሚመስል ቁጥር ነው፣ አይደል?

በጥር 2024 ራምስ ራሱ ወደ ዲትሮይት መጣ፤ ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፍ) ነው። የድሮ አሰልጣኙ በአንድ በኩል፣ በእሱ ልውውጥ ወደ ራምስ የሄደው አንጋፋ በሜዳው ላይ። ሜዳው ሙሉ ስሙን ይጠራል። ከ27 ውርወራ 22 አገናኘ። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር፣ 24 ለ 23 እየመሩ፣ ኳሱን ለመያዝ አንድ ውርወራ ያስፈልጋል። በ2021 አዲስ ገቢ ለነበረው ተቀባይ 11 ያርድ ሰጠው፤ ጨዋታው አለቀ። ዲትሮይት በፕሌይኦፍ ሲያሸንፍ ከ32 ዓመት በኋላ ነው።

ቁጥሩ ከዚያም ወጣ። በመስከረም 2024 ከሲያትል ጋር 18 ወርውሮ 18ቱንም አገናኘ። አንድም ሳይስት ያን ያህል ያገናኘ ኳርተርባክ በሊጉ ታሪክ አልነበረም። በዓመቱ 37 ታችዳውን፣ 72.4 በመቶ፣ ቡድኑ 15 አሸንፎ 2 ተሸነፈ፣ 564 ነጥብ፤ እንደገና ከሊጉ አንደኛ ኦፌንስ። ከዚያ በፊት በግንቦት 212 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ነበር።

ከጉዳዩ የሚወሰድ

ቅድሚያ አንድ ጥንቃቄ። በ2017 ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ነው የተለወጠው፤ አሰልጣኝ፣ ጠባቂ፣ ተቀባይ፣ ንድፍ። ልጁም አንድ ዓመት በስሏል። ስለዚህ ይህ ያህሉ የስኪሙ ነው ብሎ በመቶኛ የሚናገር ሰው ካለ አትመኑት።

ግን ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በሁለቱም ከተማ ጥበቃውና ሩጫው ቀድመው ተስተካከሉ፤ ኳርተርባኩ ተከተለ። ዲትሮይት በ2021 ድራፍት ሰባተኛውን ምርጫ የአጥቂ መስመር ጠባቂ ላይ ነው ያዋለው። ወጣት ኳርተርባክ ወስዶ ጠባቂ ሳይወስድ ልጁ አይችልም የሚል ቡድን ስታዩ፣ ፍርዱን ትንሽ አቆዩት።

ዋናው የምለው ግን ስለ እገዛ ዓይነት ነው። እገዛ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ጥያቄውን ያቀላል፤ መመሳሰሉ፣ ማታለሉ፣ እንቅስቃሴው እንዲህ ናቸው። ተጋጣሚ ቢያውቀውም ሙሉ በሙሉ አይወስደውም። ሌላው መልሱን በልጁ ፋንታ ይሰጣል፤ ሬዲዮው እንዲህ ነው። ይህኛው ድንቅ ይሠራል፣ ግን ተጋጣሚ መልኩን ከ15ኛዋ ሰከንድ በኋላ ለመቀየር የወሰነ ቀን ልጁ ባዶ እጁን ይቀራል። ሎስ አንጀለስ ሁለቱንም ሰጠው፤ ሁለተኛው ላይ ግን በጣም ተደገፈ። ዲትሮይት የመጀመሪያውን ሰጥቶ ሁለተኛውን እንዲማር አደረገው።

ይህ ለሌላ ሥራም ይሠራል ይሉኛል፣ ለቢሮ፣ ለትምህርት ቤት። ሊሆን ይችላል። እኔ የማውቀው ለኳርተርባክ ነው። ወጣት ኳርተርባክ ስታዩ ስንት ታችዳውን ወረወረ ከማለት በፊት ይህን እዩ፦ የመጀመሪያ ምርጫው ሲዘጋበት ምን ያደርጋል? ተጋጣሚ ከስናፕ በኋላ መልኩን ሲቀይርበት ምን ያደርጋል? በ2018 መኸር ቁጥሩን ያየ ሰው ኮከብ አየ። በዲትሮይቱና በሺካጎው ጨዋታ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ደግሞ የካቲትን ቀድሞ አየ።

ስኪም ሁሉን ያድናል ብዬም አልተነሣሁም። በኅዳር 2024 በሂውስተን ያ የዲትሮይት ንድፍ በሙሉ አቅሙ እያለ አምስት ኢንተርሴፕሽን ወርውሯል። ያም ሆኖ አሸንፈዋል፣ 26 ለ 23። አንዳንድ ማታ እንዲያው ጉድ ነው።

ከዚያ በኋላ

በጥር 2025 ዲትሮይት በሜዳው በዋሽንግተን 45 ለ 31 ተሸንፎ ከፕሌይኦፍ ወጣ። ኳርተርባኩ ሦስት ኢንተርሴፕሽን ወረወረ፣ አንድ ኳስም ጣለ። በቀናት ውስጥ ንድፉን የሠራለትን አስተባባሪ ሌላ ቡድን ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ወሰደው። የሄደው ወደ ሺካጎ ነው፤ በ2018 ታኅሣሥ የመጀመሪያው ንድፍ ወደተሰበረበት ሜዳ።